የግል መዝገብ ቤት ስለ ማቋቋም

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን በኮምፒውተር ባለሙያነት ስቀጠር፣ ሥራዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ግን ያሳለፍኩት ሚኒባስ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒየኑ እነዋሪ፣ ለሚ፣ ጣርማ በርና አንኮበር ላይ መጋዘን አለው። በየመጋዘኑ አንድ ኮምፒውተር ተቀምጧል፤ በየኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ የሚገባውን እህልና የሚወጣውን ምርጥ ዘር የሚመዘግብ፣ እኔው የጻፍኩት ፕሮግራም አለ። ፕሮግራሙ ላይ አንዲት ነገር ባስተካከልኩ ቁጥር ፍላሽ ኪሴ ከትቼ፣ ጃኬቴን እስከ አገጬ ቆልፌ አራቱንም ከተማ መዞር ነበረብኝ። እነዋሪ የጫንኩት ለሚ ስደርስ ስህተት ይገኝበታል። ለሚ ላይ አርሜ ስጨርስ እነዋሪ ያለው ያረጀ ይሆናል። ፍላሹም በየደረሰበት ቫይረስ እየለቀመ ከአንዱ መጋዘን ወደ ሌላው ያዛምታል። አንድ ቀን ጣርማ በር ላይ ከመኪና ስወርድ የመጋዘኑ ሠራተኛ ከጉሙ ውስጥ አየኝና «ደግሞ ዛሬ ምን ልታበላሽ መጣህ?» አለኝ። ሰላምታው ይኸው ነበር።

ለዚህ ችግር መፍትሔ እንዳለ አውቅ ነበር። ፕሮግራምህን ጠቅልለህ ሰርቨር በሚባል አንድ ማዕከላዊ ኮምፒውተር ላይ ታስቀምጠዋለህ። ጥቅሉ ፓኬጅ ይባላል፣ ማስቀመጫው ደግሞ ሬጅስትሪ። የፈለገው ሰው በያለበት ሆኖ ጥቁሩን የትዕዛዝ መስኮት ይከፍትና አንድ መስመር ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ፓኬጁ ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር ወርዶ ራሱን ይጭናል። ለዓለም ሁሉ ክፍት የሆነ ትልቅ ሬጅስትሪ አለ፤ ሥራህን ሌላ እንዳያገኘው ከፈለግህ ግን የራስህን፣ የግል ሬጅስትሪ ትተክላለህ። ለዚህ የሚያስፈልገኝ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንድ ጥግና አንድ ፈቃድ ብቻ ነበር።

ፈቃድ የሚጠየቀው በደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤ የሚጻፈው ደግሞ በአማርኛ ነው። «ሬጅስትሪ»ን ምን ልበለው ብዬ ትንሽ አሰብኩና፣ በገዛ እጄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጉዳዩ፦ የግል መዝገብ ቤት ለማቋቋም ፈቃድ ስለ መጠየቅ።»

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ። ደብዳቤዬ ጠረጴዛቸው ላይ ተዘርግቷል። «የግል» የሚለው ቃል በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

«ይህ ዩኒየን የማን ነው?» አሉኝ።

«የገበሬው ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ የግል ስትል የማን የግል ነው?»

«የኛው የራሳችን ነው። ሌላ ሰው እንዳያየው ለማለት ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ሌላ ሰው የማያየው መዝገብ ቤት?»

ባብራራሁ ቁጥር ነገሩ እየከፋ ሄደ። ፓኬጅ ማለት ጥቅል ነው ስላቸው «በጥቅሉ ውስጥ ምን አለ?» አሉ። ፕሮግራሙ ከውጭ አገር ሰዎች የተወሰዱ ትንንሽ ፕሮግራሞችንም እንደሚጠቀም ስነግራቸው እስክሪብቷቸውን አነሡና አንድ ነገር ጻፉ። ምን እንደጻፉ እስከ ዛሬ አላውቅም። «እስቲ እናየዋለን» ብለው አሰናበቱኝ።

ቢሮዬ ስመለስ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ዩኒየኑ ሲመሠረት ጀምሮ ያሉ፣ ሁለት ሹራብ ደርበው በላዩ ላይ ጋቢ የሚያጣፉ፣ የቁልፍ ዘለላ ከወገባቸው የማይለይ ሴት ናቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

«መዝገብ ቤት ልታቋቁም ነው አሉ» አሉኝ።

«እትዬ፣ እሱ እንኳ ሌላ ነገር ነው…»

«እኔን ምን ልታደርጉኝ ነው?»

ሬጅስትሪ ምን እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ስጨርስ «የሚገባ አለ?» አሉኝ። «አለ» አልኩ። «የሚወጣ አለ?» «አለ።» «ቁጥር ይሰጠዋል?» «ይሰጠዋል።» «እንግዲያው መዝገብ ቤት ነው» አሉና ሄዱ።

ከአሥር ቀን በኋላ የሥራ አስኪያጁ ውሳኔ መጣ። ቃል በቃል ባይሆንም ይዘቱ እንዲህ ነበር፦ እንዲቋቋም የተጠየቀው መዝገብ ቤት፣ መዝገብ ቤት እስከሆነ ድረስ፣ በመዝገብ ቤት ሥር ሆኖ እንዲሠራ፤ ባለሙያውም ለመዝገብ ቤት ኃላፊዋ አስፈላጊውን ትብብር እንዲያደርግ። ባለሙያው እኔ ነኝ። ለራሴ ሰርቨር ተባባሪ ሆንኩ።

ኮምፒውተሩን እሳቸው ክፍል፣ በሁለት የፋይል መደርደሪያ መካከል ተከልኩት። በሌላው አገር ሰዎች ሰርቨር ለማቀዝቀዝ መከራቸውን ያያሉ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ግን መስኮት መክፈት ይበቃል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሬጅስትሪውን ጫንኩ፣ ከራሴ ኮምፒውተር ትዕዛዙን ሞከርኩ፣ ሠራ። ሐሙስ ዕለት ነበር። ዓርብ ጠዋት ሰርቨሩ ጠፋ። ስሮጥ ብሄድ ከላይ እስከ ታች ወፍራም የመንዝ ባና ተከናንቧል።

«እትዬ! ምን ሆኖ ነው?»

«ስገባ ሲያቃስት አገኘሁት፤» አሉ «በዚህ ውርጭ ራቁቱን አስቀምጠኸው።»

ባናውን ሳነሣው ውስጡ እንደ ምጣድ ግሏል። የሚያቃስተው ማራገቢያው እንደሆነ፣ ብርድ እንደሚስማማው ነገርኳቸው። አላመኑኝም። በስንት ድርድር ባናው ከሥሩ እንዲነጠፍለት፣ ከላይ ግን እንዳይለብስ ተስማማን።

ሰርቨሩ ላይ አዲስ ነገር ለማስቀመጥ ቶክን የሚባል ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ያስፈልጋል። «እንደ ማኅተም ነው» ስላቸው ወዲያው ገባቸው። ማኅተም ከሆነ ከባለሙያ ኪስ አይቀመጥም። አስጻፉኝና በፖስታ አሽገው፣ «ምስጢር» የሚል ማኅተም መትተውበት ብረት ሣጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት። ከዚያ ወዲያ የገዛ ፕሮግራሜን ሰርቨሩ ላይ ለማውጣት ማመልከት ጀመርኩ።

የመጀመሪያውን ማመልከቻ ይዤ ስገባ ትልቁን መዝገብ ከፍተው «ቁጥሩ ስንት ነው?» አሉ።

«ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ።»

እስክሪብቷቸው ቆመ። «በዜሮ የሚጀምር ቁጥር አላውቅም።»

«ገና ያላለቀ ለማለት ነው።»

«ያላለቀ ደብዳቤ ፈርመህ ታወጣለህ?»

ሄጄ ፕሮግራሙን ጨረስኩትና ቁጥር አንድ ብዬ አመጣሁት። ለስምንት ወር ልጨርሰው ያልቻልኩትን ፕሮግራም የጨረስኩት በዚያ ሳምንት ነው።

በሦስተኛው ቀን ስህተት አገኘሁና፣ ያንኑ ቁጥር አንድን ከሰርቨሩ አጥፍቼ በታረመው ልተካው ፈለግሁ። ፖስታውን አልሰጥም አሉኝ። «የወጣ ቁጥር አይፋቅም። ስህተት ካለው ማረሚያው በሌላ ቁጥር ይወጣል። ያኛውን የያዘ ሰው ምን እንደያዘ በምን ያውቃል?» ይህን ሕግ በየአገሩ ያሉ ፕሮግራም ጻፊዎች ስንት ተጨቃጭቀው እንደደረሱበት አውቃለሁ። እሳቸው ግን ከማንም አልሰሙትም፤ ሥራቸው ነው።

ያስቸገረን የአባሪው ጉዳይ ነበር። ፕሮግራሜ በራሱ አይቆምም፤ ሌሎች ሰዎች የጻፏቸው ትንንሽ ፓኬጆች ያስፈልጉታል፤ እነሱም በተራቸው ሌሎች ያስፈልጓቸዋል። ይህን ስነግራቸው «አባሪ አለው ማለት ነው» አሉ። «አዎ፣ አባሪ።» «ስንት?» ትዕዛዙን ሰጥቼ አስቆጠርኩ። አራት መቶ አሥራ ሁለት።

«ዝርዝሩን አምጣ።»

አሥራ አንድ ገጽ አተምኩ። ከፊት ለፊታቸው ተቀምጬ፣ እሳቸው በማስመሪያ መስመር እየያዙ፣ አንድ በአንድ ምን እንደሚሠራ ስነግራቸው ሁለት ቀን ፈጀብን። ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ስንደርስ ልዘልለው ሞከርኩ።

«ይኸኛውስ?»

«ይኼ… ቃል ሲያጥር ከፊቱ ባዶ ቦታ ይጨምርለታል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም።»

አንድ ስልሳ ገደማ ላይ ያለው ደግሞ፣ የተሰጠው ቁጥር ጎዶሎ ይሁን ሙሉ ይናገራል። እሱ ብቻውን አልነበረም፤ አንድ አባሪ ነበረው፤ አባሪው ደግሞ የተሰጠው ነገር ቁጥር መሆን አለመሆኑን ይናገራል። እትዬ ማስመሪያውን አስቀመጡ። «አንተ ልጅ» አሉኝ፣ በቁጣ ሳይሆን በሐዘን፣ «ጎዶሎና ሙሉ ለመለየት ባሕር ማዶ ነው የምትልከው?»

ያን ዕለት ቢሮዬ ተመልሼ ሁለቱንም ሠርዤ ሥራቸውን በአንድ መስመር ራሴ ጻፍኩት። ማንም እንዳያየኝ በሩን ዘግቼ ነው የጻፍኩት።

እንዲህ እንዲህ እያልን እነዋሪ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በርቀት የምንጭንበት ቀን ደረሰ። የእነዋሪው መጋዘን ሠራተኛ ጎበዝ ሰው ነው፤ ኮምፒውተር ግን የሚወደው ሲጠፋ ነው። የገበያ ቀን ነበር፤ ስንዴ የጫኑ አህዮችና ባለቤቶቻቸው ከቢሮው ደጅ ተሰልፈዋል። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ከኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀመጠው፤ እኔም ትዕዛዙን ማንበብ ጀመርኩ።

«አሁን ክፍት ቦታ በል።»

«ክ… ፍ… ት…»

«አትጻፈው! ባዶ ተው ማለቴ ነው።»

«ታዲያ ባዶ ተው አትለኝም? እሺ ትቻለሁ። ቀጥል።»

«ሰረዝ።»

«የትኛውን ልሰርዝ?»

ከጀርባው የገበሬዎቹ ሳቅ ይሰማኛል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መስመሩ ተጽፎ አለቀና «ኢንተር» አልኩት። ቀጥሎ «እየወረደ ነው፣ እየወረደ ነው» አለ። እኔ እዚህ ተነሥቼ ቆምኩ። ከዚያ፦

«ዶሮ መጣ» አለኝ።

«የምን ዶሮ?»

«አውራ ዶሮ። በነጥብና በሰረዝ የተሠራ። ከሥሩ በማላውቀው ቋንቋ የሆነ ነገር ጽፎበታል። ይኼ ነው እንዴ ለዓመት ሙሉ ስትሠራው የነበረው?»

ከኋላው አንድ ሽማግሌ «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን! እህሉ ሸቷት ነው የመጣችው» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ፕሮግራሙን «ጎተራ» ብዬ ነበር የሰየምኩት። ከዓለም ሰው መካከል አንዱ፣ ለምን እንደሆነ እሱ ይወቀው፣ በዚያው በትልቁ ክፍት ሬጅስትሪ ላይ በላቲን ፊደል ልክ እንደኔው «ጎተራ» የተባለ ፓኬጅ አስቀምጧል። የእኔ ቁጥር ሁለት ነው፤ የሱ ስምንት። የእነዋሪው ኮምፒውተር የኛንም የዓለሙንም ሬጅስትሪ እንዲያይ አድርጌው ስለነበር፣ ሁለቱን አየና ትልቁን ቁጥር መርጦ የሰውዬውን ዶሮ አወረደ። የወረደው ዶሮ ስለሆነ ነው የሳቁት። የሰውን ፋይል የሚሰርቅ ነገር ቢሆንም እንዲሁ ይወርድ ነበር። ይህ ሊመጣ እንደሚችል ከዚያ በፊት አንብቤ፣ «ለኛ ማን ይመጣብናል» ብዬ አልፌዋለሁ።

ወደ መዝገብ ቤት ወረድኩና ለእትዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር።

«ሁለት ደብዳቤ በአንድ ስም መጣ ማለት ነው?»

«አዎ።»

«የሱ ቁጥር ስለበለጠ የሱን ተቀበልክ?»

«ማሽኑ ነው የተቀበለው።»

«ማሽኑን ያዘዘው ማን ነው?» አሉና አንድ የቆየ ፋይል ከመደርደሪያው ስበው ከፈቱልኝ። «ይኸውልህ። ይኼ ቁጥር አሥራ ሁለት ነው። ይኼም ቁጥር አሥራ ሁለት ነው። ከሁለት መሥሪያ ቤት የመጡ ናቸው። ከቁጥሩ ፊት ያለውን ምልክት እየው። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱ ምልክት አለው። አንተ ያለ ምልክት ነው ያወጣኸው።» ፋይሉን ዘጉና ጨመሩ፦ «ደግሞስ የውጭ ደብዳቤ በየመስኮቱ ይገባል እንዴ? በአንድ በር፣ በኔ በኩል ይግባ፤ ልየው፤ ልመዝግበው፤ ከዚያ ይሠራጭ።»

የነገሩኝ ሁለቱም ትክክለኛው መድኃኒት ነበር። እያንዳንዱ ፓኬጃችን ከስሙ ፊት የዩኒየኑ ምልክት ገባለት። ቅርንጫፎቹ የዓለሙን ሬጅስትሪ በቀጥታ ማየታቸው ቀረና፣ ከውጭ የሚፈለገው ሁሉ በኛ ሰርቨር በኩል ብቻ እንዲያልፍ ሆነ። ይህንን ለማስተካከል አንድ ከሰዓት በኋላ በቃኝ። እሳቸው ሰርቨሩ አጠገብ ስንዴ ቆሎ እየቆረጠሙ ጠበቁኝ፤ ስጨርስም «ተመዝግቧል» አሉ።

የዶሮው ወሬ ግን ከእነዋሪ ተነሥቶ ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ደረሰ። በደረሰ በሁለተኛው ቀን ሌላ ትእዛዝ ወጣ፦ ከእንግዲህ በየቅርንጫፉ የሚጫን ሁሉ በጽሑፍ ርክክብ እንዲሆን። ስለዚህ አንኮበር ለመጫን በዩኒየኑ ፒክአፕ ተነሣን፤ ሾፌሩ፣ እኔና እትዬ። እሳቸው ፊት ወንበር ላይ፣ የታሸገውን ፖስታ በጋቢያቸው ሥር ደረታቸው ላይ ይዘው። ለመጫን ፖስታው እንደማያስፈልግ፣ የሚያስፈልገው ሰርቨሩ ላይ አዲስ ነገር ለማውጣት ብቻ እንደሆነ ነግሬያቸው ነበር። «መዝገብ ቤቱ ሲወጣ ማኅተሙ አይቀርም» አሉኝ።

አንኮበር ስንደርስ መብራት የለም። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ መጋዘኑን አልፎ ይሄዳል። ሦስት ሰዓት ያህል ጠበቅን። መብራቱ ሲመጣ ወንበሩን ለመጋዘኑ ሠራተኛ ልለቅለት ስል፣ እትዬ ቀድመው ተቀመጡበት። ትዕዛዙን በወረቀት አስጽፈውኝ ነበር፤ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በአንድ ጣት መጻፍ ጀመሩ። ፊደል ሲመቱ ያንኑ ፊደል በወረቀቱ ላይ በእርሳስ ይሰርዛሉ። አንድም ስህተት አልነበረውም። ኢንተር ሲሉ መስኮቱ በመስመር ተሞላና ወደ ላይ ይሮጥ ጀመር።

«ቀስ በል በለው! ሳላያቸው እያለፉ ነው!»

«እትዬ፣ ያየናቸው ናቸው፤ እነዚያው ናቸው።»

«ምን ዋስትና አለህ?» አሉ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። መስመሩ ቆመ። የጎተራ መልክ ብቅ አለ፤ የራሳችን፣ ትክክለኛው። የመጋዘኑ ሠራተኛ አጨበጨበ። እትዬ ግን ከቦርሳቸው የርክክብ ቅጽ አወጡ።

«ፈርም።»

«ምን ተረከብኩ?»

«አንድ ዋና፣ ከአራት መቶ አሥር አባሪ ጋር።»

ሠራተኛው ጠረጴዛውን አየ፤ ጎንበስ ብሎ ሥሩንም አየ። «የታሉ?»

«ውስጥ ናቸው።»

እስክሪብቶውን ይዞ ብዙ አሰበ። የመጋዘን ሰው ነው፤ ያልቆጠረውን ፈርሞ አያውቅም። በመጨረሻ ፈረመና ከፊርማው ሥር «ሳልቆጥር የተረከብኩ» ብሎ ጻፈበት። እትዬ አነበቡት። «ይሁን፤ እውነቱን ነው» አሉና ኮፒውን ቀደው ሰጡት።

ስንመለስ መንገዱ ላይ ጉሙ ስለበረታ ሾፌሩ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። ምንም አይታይም። ሾፌሩ ወርዶ ጎማውን ሲያይ እትዬ ወደ ኋላ ሳይዞሩ ማውራት ጀመሩ።

«ኢሜይል የሚሉት የመጣ ጊዜ ክፍሌን የጎማ ማስቀመጫ ሊያደርጉት ነበር። የሚገባም የሚወጣም እያነሰ ሄደ። በቀን ሁለት፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት። ጠዋት እገባለሁ፣ መዝገቡን ከፍቼ ቀኑን እጽፋለሁ፣ የገባ የለም ብዬ እፈርማለሁ፣ እወጣለሁ። ያንተን ደብዳቤ ስሰማ ይኸው መጨረሻዬ መጣ ነበር ያልኩት።»

ያን ደብዳቤ ስጽፍ እሳቸው መኖራቸው እንኳ ትዝ አላለኝም። ሾፌሩ ተመልሶ ገባና መብራቱን አብርቶ እያዘገመ ሄደ። ትንሽ እንደተጓዝን «ቀጥሎ ለሚ ነው?» አሉኝ።

እውነቱ፣ ለሚ መሄድ አያስፈልግም ነበር። የለሚዋ ሠራተኛ ከኔ ይልቅ ፈጣን ናት፤ መስመሩን በስልክ ብልክላት በአምስት ደቂቃ ትጭነዋለች፤ ቅጹንም ፎቶ አንሥታ ትልከዋለች። ይህን ሁሉ ያቋቋምኩትም በመኪና መንከራተት እንዲቀርልኝ ነው።

«አዎ፣ ለሚ ነው» አልኩ። «ለርክክቡ እርስዎ ካልመጡ አይሆንም።»

ሰኞ ጠዋት ደጅ ቆመው አገኘኋቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተዋል፤ ለመንገድ ቆሎ ይዘዋል፤ ሾፌሩን «አርፍደሃል» ብለው እየተቆጡት ነው።